ሁለተኛው እጅጌ

ወላይታ ሶዶ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ፋና፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽ ዘላለምስ እንዴት ነው? አማትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የጥር ንፋስ አቧራውን እስከ ቢሮዬ እያስገባ ከማስነጠሱ በቀር ክፉ ነገር የለም። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። የፈተና ወቅት ነው። መምህራኑ ሁሉ የሚባዛ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ይሰለፋሉ። እዚህ ስታስተምሪ አይተሽዋልና አልነግርሽም።

ሹፌሩ ቶማ ደብዳቤሽንና ሚሞሪ ካርዱን በእጄ ሰጥቶኛል። የክር ሥራዎችሽ ፎቶዎች ጥሩ ናቸው። የቢጠና ኔትወርክ ፎቶ ለመላክ እስኪበቃ ድረስ እንዲሁ እንቀጥላለን። አንቺ ሠርተሽና ጽፈሽ በሚኒባስ ትልኪያለሽ፣ እኔ ከቢሮዬ ኮምፒውተር ብሎግሽ ላይ እለጥፋለሁ። ይከብድሻል ወይ ብለሽ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። በሻይ ሰዓት ኪሮሽ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ሰው ከአንቺ ሲማር ማየት ደስ ይለኛል።

ስላወጣሽው ግብ ሐሳቤን ከፈለግሽ ግን እውነቱን ልንገርሽ። በየቅዳሜው አንድ ጽሑፍ ማለት በዝቶብኛል። አምና እንዲሁ በየሳምንቱ ብለሽ ለአንባቢዎችሽ ቃል ገባሽ፤ በፋሲካ ሰሞን አንዴ አመለጠሽና ከዚያ ስንት ወር ጠፋሽ። ሥራ አጥተሽ አልነበረም። ክርሽም ነበረ፣ ፎቶውም ነበረ። ቃሌን አፈረስኩ ብለሽ አፍረሽ ነው እንጂ። አሁን ደግሞ ሆድሽ እየገፋ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ብትይው ማን ይቆጣሻል? ለማን ነው የምትቸኩይው?

የላክሽው ዳጣ ደርሶ አልቋል። እጅሽን አይንሳኝ።

ያንቺው እታፈራሁ


ቢጠና
የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እታፈራሁ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐኪሟም ሁሉ ነገር ደህና ነው ብላኛለች። ማቅለሽለሹ ትቶኝ አሁን የሚያስቸግረኝ ረሃብ ነው።

ለማን እንደምቸኩል ጠይቀውኛል። ለእኔ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የማውቀው ቤት የለም። ዘላለም ደግሞ ሥራው ግብርና ቢሮ ስለሆነ ቅዳሜ እንኳ ገጠር ይወጣል። ቅዳሜ ጽሑፌ ይወጣል ብዬ ሳስብ ሳምንቱ መልክ ይኖረዋል። በየሁለት ሳምንቱ ካሉኝ ግን አንዱን ሳምንት እንዴት እንደማሳልፈው አላውቅም።

አምና ያቆምኩት የማስበው አንድ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ ቦርሳ፣ ነገ የጠረጴዛ ልብስ እያልኩ ነበር። አሁን አንድ ነገር አለኝ። በየቅዳሜው ለልጁ አንድ ነገር እሠራለሁ፤ አንባቢዎችም ከእኔ ጋር ይሠራሉ። መጀመሪያ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ የወላይታ ዱንጉዛ ጨርቅ ቀለም ያለው ሹራብ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። እስክወልድ ሳላቋርጥ እሄዳለሁ። ወልጄ እጄ እስኪፈታ የሚወጣውንም ከአሁኑ ጽፌ እልክልዎታለሁ።

እርጉዝ መሆኔን ለአንባቢዎች ልንገራቸው ወይ ላሉኝ፣ አዎ ይንገሯቸው። አማቴ ብቻ ነገሩን አልወደዱትም። ሳይወለድ ልብስ መዘጋጀት የለበትም ይላሉ። "ልጁ ይምጣ እንጂ ልብስ አይቸግረውም" አሉኝ። ስስቅ እሳቸው ግን አልሳቁም። እርስዎስ ምን ይላሉ?

አክባሪዎ ፋና


ሶዶ
ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ፋና፣

ጤናሽን እግዚአብሔር ያብዛልሽ። እግሬ አበጠ ስላልሽው፣ ስትቀመጪ ከፍ አድርጊው፣ ለሐኪምሽም ንገሪ፤ ሐኪም ቤት መሄዱን ለነገ አታሳድሪው።

አማትሽ ስላሉት ምንም አልልሽም ብዬ ነበር፣ ግን ደጋግመሽ ስለጠየቅሽኝ ይኸው። የእኔም እናት እንደሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ ለሁሉም ልጆቼ ሳይወለዱ ሠርቻለሁ። የወደድሽውን አድርጊ።

አንቺ እንዳልሽው ሆኗል፤ አንድም ቅዳሜ አላመለጠሽም፤ እኔ ተሸንፌያለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ጽሑፉን አስገብተሽ ቀኑን ከሞላሽለት ብሎጉ ቅዳሜ ጠዋት በራሱ ያወጣዋል። ስለዚህ ለላክሽልኝ ሁሉ የየቅዳሜውን ቀን ሞልቼ አስቀምጫለሁ። አንቺ ወልደሽ ገንፎሽን ስትበዪ ብሎግሽ ያለ እኔም ያለ አንቺም ይሠራል።

አስተያየቱ ብዙ ነው። በተለይ ተናኜ የምትባል ከሁምቦ አለች። እሷም የመጀመሪያ ልጇን እየጠበቀች ነው፤ አንቺ ትቀድሚያታለሽ፣ እሷ ትከተልሻለች። ኪሮሽ ይዛ አታውቅም ነበር። ኮፍያውን ጨርሳ ፎቶ ልካለች፤ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን ኮፍያ ነው። አሁን ሹራቡ ላይ ደርሳለች።

ስለ ሹራቡ፣ የመጀመሪያውን እጅጌ ባለፈው ቅዳሜ አውጥቻለሁ። ሁለተኛው አልደረሰኝም። ሌሎቹና ካልሲዎቹ ቀድመው ስለመጡ እነሱን በየተራቸው አስገብቻቸዋለሁ። ተናኜ "ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ነው ወይ?" ብላ ጠይቃለች፤ የቀለሙ ተራ ይገለበጣል ብለሽኝ ስለነበር ፋና ራሷ ታሳያችኋለች ብዬ መለስኩላት። አትቸኩይ፤ ሲመችሽ ላኪው።

ያንቺው እታፈራሁ


ቢጠና
ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክብርት ወ/ሮ እታፈራሁ፣

ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ለፋና የላኩት የገንፎ እህል፣ ቅቤና የእንኳን ደስ አለሽ ደብዳቤ ደርሶናል። ስለ መልካም ሐሳብዎ እናመሰግናለን።

ምጥ መያዟን በመልእክት የነገርኩዎ እኔ ነበርኩ። ቀጥሎ ያለውን ግን ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ ስልኩን ይዤ መጻፍ አቃተኝ። ሕፃኗ ተወለደች። አንድ ቀን ቆየች። ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል። ፋና በአካል እየተሻላት ነው።

ስልኳን የዘጋችው እርስዎን ጠልታ አይደለም፤ የማንንም አታነሣም። ወደዚህ ልምጣ ላሉት፣ ለጊዜው ቢቆዩ ይሻላል። እኔም ሰው ቢመጣላት እወድ ነበር፤ እሷ ግን አልፈለገችም። ይቅርታ ያድርጉልን። ደብዳቤዎን ለእሷ አላነበብኩላትም፤ እህሉንና ቅቤውን እናቴ ተቀብለዋል።

ዘላለም


ሶዶ
ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውዷ ፋናዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ዘላለም አትምጪ ስላለኝ ነው የቀረሁት፤ ያንቺን ነገር ቀላል አድርጌ አይደለም። ነይ ባልሽኝ ቀን ከቶማ ጎን ተቀምጬ እመጣለሁ። ብታወሪ እሰማለሁ፤ ካላወራሽም አብሬሽ እቀመጣለሁ።

ስለ ብሎጉ አታስቢ። አቁሜዋለሁ። ምንም አይወጣም።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልጠብቅም።

ያንቺው እታፈራሁ


ሻንቶ
ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እታፈራሁ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከሻንቶ ነው። እህቴ ዘንድ ትንሽ ልቆይ ብዬ መጥቻለሁ። እዚህ ኔትወርክ አለ።

አቁሜዋለሁ ብለውኝ ነበር። ትናንት ብሎጉን ከፈትኩት። እሷን በቀበርን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ካልሲዎቹ ወጥተዋል። ከእነሱ ቀደም ብሎ እርስዎ "ፋናችን ምጥ ላይ ናትና በጸሎት አስቧት" ብለው ጽፈዋል። ከዚያ በታች ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ወንድ ነው ሴት፣ ፎቶውን አሳዪን ይላል። እስከ ታች አነበብኩት። እህቴ ስልኩን ልትቀበለኝ ብትል አልሰጠኋትም።

ያወጡት አውቀው እንዳልሆነ ይገባኛል። ያስቀየመኝ ሌላ ነው። ደብዳቤውን ሲጽፉልኝ ይህ ሁሉ እዚያ እንዳለ ያውቁ ነበር። ምንም አይወጣም አሉኝ እንጂ ይህ ወጥቷል አላሉኝም። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ስገባ ወሬ ያቆማሉ፣ ልጅ ያቀፈች ሴት ከአጠገቤ ትነሣለች። እርስዎ ግን እንደዚያ አይሆኑም ብዬ ነበር።

ዝም ብለው የቆዩት ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ሌላም የደበቁኝ ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ።

ፋና


ሶዶ
ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፋና፣

ልክ ነሽ።

ዘላለም ምጥ ያዛት ብሎ መልእክት ሲልክልኝ ከደስታዬ ብዛት ያንን ጻፍኩ። ማታውን መልካም ዜና ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር፣ ኔትወርኩ ነው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ ጭራሽ የገንፎ እህል ላክሁላችሁ። ቅዳሜ ካልሲዎቹ በራሳቸው ወጡ። ሰውም ወልዳለች ብሎ አመነ። የዘላለም ደብዳቤ ሲደርሰኝ ከካልሲዎቹ በኋላ የነበሩትን ሁሉ አቆምኩ። የወጣውን ግን ማጥፋት አልሆነልኝም። እጄን ዘረጋሁና መለስኩ። ያንቺ ጽሑፍ ነው፣ ያለ ፈቃድሽ ማጥፋት መብቴ ነው ወይ አልኩ። ለአንቺ ልነግርሽ ደግሞ ፈራሁ። ወደ ቢጠና የምትጠሪኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት እነግራታለሁ አልኩ። አንቺ አልጠራሽኝም፣ እኔም በወረቀት ልነግርሽ ድፍረት አጣሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሌላ የደበቅሁሽ ነገር አለ ወይ ላልሽኝ፣ አንድ አለ። ተናኜ በየሳምንቱ ትጽፋለች። እንኳን ደስ አለሽ ካላሉት አንዷ እሷ ናት። "ፋና ደህና ናት ወይ?" ብቻ ነው የምትለው። አልመለስኩላትም። ሹራቧ ባለ አንድ እጅጌ ሆኖ ቀርቷል። ይህን የምነግርሽ ሥሪላት ለማለት አይደለም። ንገሪኝ ስላልሽኝ ነው።

ካልሲዎቹን ላጥፋ ካልሽኝ ዛሬውኑ አጠፋለሁ። ብሎጉንም ዝጊው ካልሽ እዘጋዋለሁ። ትእዛዝሽን እጠብቃለሁ።

ይቅርታሽን የምትፈልግ እታፈራሁ


ቢጠና
ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እታፈራሁ፣

እንደምን ከረሙ? ክረምቱ እዚህ በርትቷል። መንገዱ ተበላሽቶ ቶማም ለብዙ ቀን አልመጣም፤ ደብዳቤው የዘገየው በከፊል በዚያ ነው። በከፊል ደግሞ እኔ ነኝ።

ካልሲዎቹን አያጥፉ። ብዙ አሰብኩበት። ብናጠፋቸው እሷም እንዳልነበረች ትሆናለች። ሰዎቹም ክፉ አላሉም፤ ስላላወቁ ነው።

ቀጥሎ በላኩት ደብዳቤ ተቀይመሻል ወይ ላሉኝ፣ ተቀይሜ ነበር። አሁን ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሳላሳድር እከፍተዋለሁ። ይህን ያህል ልንገርዎ።

በዚያው ደብዳቤ ልብሶቹ የት እንዳሉ ጠይቀውኛል። እኔም አላውቅም ነበር። ከሐኪም ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ አልነበሩም። ዘላለም ለሰው የሰጠ መስሎኝ አልጠየቅሁትም። ባለፈው ሳምንት አማቴ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ሹራቡን አየሁት፤ ከራሳቸው የክት ልብስ ጋር አጣጥፈው አስቀምጠውታል።

ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልተናገርኩትን የተናገርኩት። "እማዬ፣ ሳይወለድ አትሥሪ ብለውኝ ነበር። ስላልሰማሁዎ ይሆን ልጄን ያጣኋት?" አልኳቸው።

ሳጥኑን ትተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። በወላይትኛ ነው የተናገሩት፤ በአማርኛ ልክ አይመጣልኝም። "እኔ አትሥሪ ያልኩሽ እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ልብሱን እያየሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው። እኔ አይቼዋለሁ። ከዘላለም በፊት የነበረውን ልጅ ማንም አይነግርሽም። መሥራትሽ ምንም አላመጣም። ባትሠሪ ኖሮ ራቁቷን ነበር የምትቀበረው።"

ስትቀበር ኮፍያውን አድርገውላት እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። አማቴ ከዘላለም በፊት ልጅ እንደነበራቸው ዘላለምም በትክክል አያውቅም ነበር። አሁን ሦስታችንም ስለ ሁለቱም እናወራለን።

ሹራቡን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ። ክሩም ኪሮሹም አለ። ገና አልነካሁትም። ለመስከረም ትምህርት ቤት እመለሳለሁ። ብሎጉን ብጀምር ግቡን ምን ላድርገው? በየቅዳሜው ማለት ከእንግዲህ አልችልም። ግብ ከሌለኝ ደግሞ መቼም እንደማልነካው አውቃለሁ።

አክባሪዎ ፋና


ሶዶ
መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ፋናዬ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ፤ የጊፋታ በዓሉንስ እንዴት አሳለፋችሁት? ወደ ክፍልሽ መመለስሽን ቶማ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። አማትሽን እጅ ንሺልኝ። የነገሩሽን ደጋግሜ አነበብኩት።

ስለ ግብ ጠይቀሽኛል። እኔ መካሪ ነኝ ብዬ በየሁለት ሳምንቱ አልኩሽ፤ ከዚያ ደግሞ ራሴ ቀን እየሞላሁ ብሎግሽን ያለ ሰው እንዲሄድ አደረግሁት። ስለዚህ በራሴ አፍ አልመክርሽም። የሆነውን ነገር ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ከጊፋታ በፊት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቢሮዬ መጣች። መምህራኑን ፈልጋ መስሎኝ ወረፋ ያዢ አልኳት።

"እታፈራሁ የምትባይው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "እኔ ተናኜ ነኝ፤ ከሁምቦ።"

ወንድ ልጅ ነው። ደጋ ወዳለው የእናቷ ቤት ለበዓል እየሄደች መንገድ ላይ ወርዳ ነው የመጣችው። ስላንቺ ጠየቀችኝ። አንቺን ሳላስፈቅድ መናገር አልፈለግሁም፤ ግን ከፊቴ ገባት። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ስትጠፋ ጠርጥሬ ነበር።"

ነገሩን ለማቅለል ብዬ ስለ ሹራቡ አነሣሁባት። እጅጌው ሳይጠናቀቅ በመቅረቱ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"ሁምቦ እኮ ሹራብ አይለበስም" አለችኝ። "ሙቀት ነው። እናቴም ሳቀችብኝ። እኔ የሠራሁት ለብርድ ብዬ አይደለም። ባለቤቴ ለሥራ ሩቅ ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ እዚያ ተቀምጣ ትሠራለች፣ እኔም እዚህ እሠራለሁ እያልኩ ነው። እጅጌው ይቅር። ደህና መሆኗን ብቻ ብሰማ ይበቃኛል።"

እንግዲህ አንቺ ለራስሽ ስትጽፊ የኖርሽው ሌላም ሰው ቤት ቅዳሜን ይሞላ ነበር። ሳምንቱ መልክ እንዲኖረው ብለሽኝ አልነበር? እሷም የነገረችኝ ያንኑ ነው።

ሹራቡን በፌስታል ይዛው ነበር፤ አየሁት። የመጀመሪያ ሥራ አይመስልም። የልጁን ፎቶ ላነሣላትና ልልክልሽ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን "ፋና ካልጠየቀች አትላኪላት" አለችኝ።

ስንብት ላይ ምን ልበላት ብዬ ጠየቅኋት። "ስሟን ማን አለቻት?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አፈርኩ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም።

ያንቺው እታፈራሁ


ቢጠና
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ እትዬ እታፈራሁ፣

እንደምን አሉልኝ? እኛ ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፤ አማቴ ለእርስዎ ብለው ዳጣ አዘጋጅተዋል፣ ከቶማ ይቀበሉ።

የጠየቁኝን ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ያገኙታል። ለብቻው ልጽፍልዎ ብጀምር እንባዬ ወረቀቱን አበላሸብኝ፤ ከሥራው ጋር ሲሆን ግን መጻፍ ቻልኩ።

ግቡን ራሴ ወስኛለሁ። አንድ ሥራ ሲያልቅ አንድ ጽሑፍ ይወጣል። ቀን አልሰጥም። ግን የጀመርኩትን ጀምሬ አልተውም። ለአንባቢዎችም እንዲሁ ይንገሯቸው፤ ስዘገይ ምክንያት አይስጡልኝ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ቀን ሞልተው አይተዉት። ጽሑፉን እርስዎ ራስዎ አንብበው፣ በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ያውጡት። አስተያየት ሲመጣም ሰው ይኑርበት።

የተናኜን ልጅ ፎቶ አሁን ይላኩልኝ። በገና እረፍትም ይምጡ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አማቴ ግን አልጋቸውን ለቀውልዎታል።

ጽሑፉ ይህ ነው። አንዲት ቃል አይቀይሩ።

ሁለተኛው እጅጌ

ብዙዎቻችሁ እንኳን ደስ አለሽ ብላችሁኝ ነበር። ሳልመልስላችሁ ቆየሁ። ልጄ ሶልያና ግንቦት ላይ ተወለደች፤ አንድ ቀን ቆይታ አረፈች። ሹራቡ የእሷ ነው። ሳይለበስ ቀርቷል፤ ጨርሼዋለሁ፤ የትም አልሰጠውም።

የመጀመሪያውን እጅጌ ከትከሻው ስንጀምር ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርገን ነበር። ይኼኛውን ከትከሻው በቀይ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ቢጫ፣ መጨረሻው ጥቁር ይሁን። እንደዚያ ከሆነ ሹራቡ እጆቹን ዘርግቶ ሲቀመጥ ቀለሙ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በሌላው ያልቃል። ብብቱ አጠገብ ክሩን አታጥብቁት፤ ሕፃን እጁን እንደልቡ ማንሣት አለበት።

ተናኜ፣ የልጅሽ እጅ አድጓልና ከእኔ ትንሽ አስረዝሚው።